ቁጥር አራትን ቅቤ የቀባሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ወደ ግቢ ይዛኝ ሄደች። ግቢ ስላችሁ ቤተ መንግሥት እንዳይመስላችሁ፤ የዛሬ ልጆች ዩኒቨርሲቲያቸውን እንዲያ ነው የሚሉት። የምታሳትመው ወረቀት ነበራትና «አባባ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ እዚህ ቁጭ በል» ብላ ኮምፒውተር የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ትታኝ ወጣች። የተማሪ አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ።

እጄ ሥራ መፍታት አይወድም። ፊት ለፊቴ ያለውን ኪቦርድ አነሳሁና ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረግሁት። ምን ቢወርድ ጥሩ ነው? ቆሎ። ከዚያ የሱፍ ልጣጭ፣ ፀጉር፣ የጥፍር ቁራጭ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ቆሎ። ያውም ሽምብራ የገባበት። የክፍሉን ጠባቂ ጠርቼ አሳየሁት። ትሑት ልጅ ነው። «የጋራ ዕቃ እኮ ነው አባቴ፤ ማን ያጸዳዋል ብለው ነው?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። የጋራ ዕቃ ችግሩ የሚያጸዳው ማጣቱ ነው የሚል ሰው ስሰማ ሁልጊዜ እስቃለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ? ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። መርካቶ፣ ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በላይ፣ ደረጃው በረገጡት ቁጥር የሚያቃስት አንድ ፎቅ ነበር። እዚያ ላይ የጽሕፈት መኪና እንማር ነበር። መኪናዎቹ ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ተማሪው ግን ብዙ ስለሆነ በአንድ መኪና አምስት ስድስት ሆነን በተራ ነበር የምንመታው። የኔዋ ቁጥር አራት ነበረች።

የሸማ ተራን ብናኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከታች ጋቢ ይራገፋል፣ ነጠላ ይቀደዳል፣ ጥጡ ተነስቶ በመስኮት ይገባል። እኩለ ቀን ሳይሆን ፊደሎቹ ጢም ያበቅላሉ። ዓይን ያላቸው ፊደሎች ደግሞ ዓይናቸው በቀለምና በጥጥ ይደፈንና ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይጥላሉ። አንድ ልጅ ለእናቱ የመታውን ደብዳቤ እናቱ ዝንብ ያረፈበት መስሏቸው አራገፉት ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው።

አስተማሪያችን ጋሼ መንገሻ ለጽዳት ጥብቅ ሰው ነበሩ። በየሳምንቱ ለየመኪናው ተረኛ ይመድባሉ፤ ለተረኛው ብሩሽ፣ መርፌና የአሮጌ ሸማ ቁራጭ ይሰጡታል። ዘይት ግን አይሰጡም። ዘይቷ ትንሽ ቆርቆሮ ናት፤ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባታል፤ ቁልፏ ጋሼ መንገሻ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ያወጧትና ጠበል እንደሚያቀምስ ቄስ ለየመኪናው አንዳንድ ጠብታ ያደርሳሉ።

ከስድስቱ መኪናዎች እንደ ቁጥር አራት የጸዳ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ደግሞ ብኩራራስ? የሌላውን ሰው አያያዝ ብታዩ ትፈርዱልኝ ነበር። የቁጥር ሁለቱ ተረኛ በሶውን እየቃመ መጥቶ አቧራውን እፍ ሊል ሲል መኪናዋን በበሶ አለበሳት። ጋሼ መንገሻ ሦስት ቀን ሙሉ በመርፌ በሶ ሲለቅሙ ሰነበቱ። እኔ ግን በተራዬም ያለ ተራዬም አጸዳ ነበር።

ምክንያት ነበረኝ። አባቴ ጎጃም በረንዳ ቅቤ ነጋዴ ነበር። የተወለድኩት ቅቤ ውስጥ፣ ያደግሁት ቅቤ ውስጥ ነው፤ ልብሴ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። ከዚያ ሽታ የሚያወጣኝ ጽሕፈት ብቻ መሰለኝ። አባቴም ቁርጡን ነግሮኛል። እስከ ጥቅምት የቢሮ ሥራ ከያዝክ እሰየው፣ ካልያዝክ ግን ሱቁ ገብተህ ቅቤ ትመዝናለህ ብሎኛል። አባቴ ሁለቴ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ቁጥር አራት ላይ አብራኝ ተራ የምትጠብቅ እትዬ ሙሉነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ወደ ሠላሳ ይሆናታል፤ ባሏ ሞቶባታል፤ ከታች ሸማ ተራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላ ትሸጣለች። ለምን ጽሕፈት እንደምትማር አንድ ቀን ብጠይቃት ሌሎቻችን እንደምንለው አገር ማገልገል ምናምን አላለችም። «ወንበር ላይ ተቀምጬ መሥራት ፈልጌ ነው፤ የመሬቱ ብርድ ወገቤን ጨረሰው» አለችኝ። ቀስ ብላ ትመታለች፤ ግን አትሳሳትም። እኔ እንደ ዝናብ አወርደዋለሁ፤ ስህተቴም እንደዚያው ነው።

ጥቅምት ላይ ጋሼ መንገሻ ሰበሰቡንና ሐሙስ ጠዋት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ፈትኖን አንድ ጸሐፊ እንደሚወስድ ነገሩን። አንድ ብቻ። ልቤ ዘለለ። ረቡዕ ከሰዓት ተረኛው እኔ ነበርኩ። በመርፌዬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠረግሁ፣ ጥጡን ለቀምኩ፤ ስሞክራት ግን ትከብዳለች። ጋሼ መንገሻን ዘይት ለመንኳቸው።

«ዘይት ቅዳሜ ነው» አሉኝ።

«ፈተናው እኮ ሐሙስ ነው ጋሼ።»

«ፈተናው ሐሙስ ነው፤ ዘይቱ ግን ቅዳሜ ነው» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ለደረቀ ፀጉር መድኃኒቱ ምንድን ነው? ቅቤ። ለደረቀ ቆዳስ? ቅቤ። ለተያዘ ወገብስ? ቅቤ። ታዲያ ለደረቀ ብረት ማን ከለከለ? ጎጃም በረንዳ ሩቅ አይደለም። ከአባቴ ሱቅ አንድ ሲኒ የሚሞላ ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቅልዬ መጣሁ፤ መስኮቱ ላይ በፀሐይ አቀለጥኩት፤ በዶሮ ላባ እያጠቀስኩ የቁጥር አራትን መገጣጠሚያ ሁሉ አንድ ሳላስቀር ቀባሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ መታሁ። ወዳጆቼ፣ እንደዚያ ያለ ጽሕፈት በሕይወቴ አላየሁም። ጣቴን ሳሳርፍ ፊደሉ ደርሶ ተመልሷል። እትዬ ሙሉነሽም ተራዋ ደርሶ ሞከረችው። «ዛሬ ምን አድርገሃት ነው?» አለችኝ። የሙያ ምስጢር ነው አልኳት።

ሐሙስ ማለዳ ያ የጥቅምት ብርድ፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ያስባለው ብርድ፣ በመስኮቱ ይገባል። ፈታኙ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ቁጥር አራት ላይ ማን ይጀምራል ሲባል እትዬ ሙሉነሽ ወደ ኋላ አለች፤ እኔ ያጸዳሁትን እኔ ልጀምርበት ብዬ ዘልዬ ተቀመጥኩ። ጋሼ መንገሻ ጀምሩ አሉ። መታሁ። ፊደሉ ወጣ፤ አልወረደም። ሁለተኛውን መታሁ። እሱም ወጣና ከመጀመሪያው ጎን ቆመ። በጣቴ ወደ ታች መለስኳቸው፤ ሦስተኛውን መታሁ፤ ሦስተኛውም ቆመ። ግራ ቀኙ ሲንጣጣ የኔዋ ቁጥር አራት ፊደሎቿን አቁማ ታየኛለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼም አልለቀምኩም። ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቴ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

ጋሼ መንገሻ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ፣ በጣታቸው ነኩ፣ ጣታቸውን አሸተቱ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ያረፈው እትዬ ሙሉነሽ ላይ ነው። ለካ ትናንት ማታ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ኖሯል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ራስሽን በቀባሽበት እጅሽ መኪና ትነኪያለሽ? የስንት ሰው ዕቃ መሰለሽ? በይ ከፈተናው ውጪልኝ» አሏት።

እትዬ ሙሉነሽ እጇን አየችው። ጠዋት ሳላስበው ነክቼያት ይሆን ብላ ራሷን የምትጠረጥር ትመስል ነበር። «እጄን ታጥቤ ነበር ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። እኔስ? የኔ ምላስ እንደ ቅቤው ረግቷል። ብናገር የአባቴ ሱቅ ይጠብቀኛል፤ ዝም ብል ምናልባት ሌላ መኪና ላይ ድገም እባላለሁ። ይህን ሁሉ ሳሰላ እሷ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ደረጃው ሲያቃስት ስሰማ፣ ወደዚያ ወደ መሬቱ ልትመለስ ነው ብዬ አሰብኩ። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ቅቤው የኔ ነው ጋሼ» አልኩ። «ዘይቱ ቅዳሜ ነው ስላሉኝ ነው።»

ካፖርት የለበሰው ፈታኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ መንገሻ እትዬ ሙሉነሽን አስጠሯት፤ ይቅርታ ግን አላሏትም፤ የዚያን ጊዜ አስተማሪ ይቅርታ አይልም። እኔን ቁጥር አራትን ተሸክሜ ወጥቼ በላምባ እንዳጥባት፣ እሷ ደግሞ መጨረሻ ላይ እንድትፈተን አዘዙ። መኪናዋን ተሸክሜ ደረጃውን ወረድኩ። እትዬ ሙሉነሽ ተከተለችኝ። ላምባ ልፈልግ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተው፣ አትጠባት» አለችኝ። «ትናንት ከሰዓት እንዴት ነበረች? ፀሐይዋን ብቻ ስጣት።»

ነጠላ የምትዘረጋበት ቦታ ላይ አስቀመጥናት። ከጥጡ እንዲጠብቃት ሳሳ ያለ ሻሽ ጣለችባት። እሷ ነጠላዋን እየሸጠች፣ እኔ ዝንብ እያባረርኩ ስድስት ሰዓት ሆነ። ተራዋ ደርሶ መኪናዋን መልሼ ሳወጣት ቅቤው ቀልጧል። እትዬ ሙሉነሽ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ መታች። የመስመሩ ደወል ብቻ ነበር የሚሰማው። አንድ ስህተት አልነበረባትም፤ ፍጥነቷ ደግሞ የኔ ቅቤ ነበር። ሰውዬው እሷን ወሰዳት። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ ጋርም አለቀስኩ።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ዱላ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ቅቤ መመዘኑን አቁሞ አየኝ። «ቅቤ በጥቅምት ማለዳ እንደሚረጋ አታውቅም?» አለኝ። ስለ ፈተናው አንድ ቃል አላነሳም። ያሳፈረው የቅቤ ነጋዴ ልጅ ሆኜ ቅቤ አለማወቄ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው። በማግስቱ ሚዛን አስያዘኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ ሸጥኩ። እትዬ ሙሉነሽ ጡረታ እስክትወጣ ወንበር ላይ ሠራች። ለፋሲካ ቅቤ ልትገዛ በመጣች ቁጥር «ለራስ ነው ወይስ ለመኪና?» እላት ነበር። አንድም ዓመት ሳትስቅ አልቀረችም።

ስለዚህ የጋራ ዕቃን የሚጎዳው የሚያጸዳው ማጣቱ ነው ለሚላችሁ ሰው እኔን ጥቀሱለት። የሚጎዳውስ እንደ ራሱ ዕቃ የሚወደው አንድ ሰው ሲገኝ ነው።

ይህን ሁሉ ለጠባቂው ልጅ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ስልክ ተደወለለትና ወጣ። የልጅ ልጄ ገና አልመጣችም። ነገ ጠዋት እዚሁ ክፍል ፈተና አለባት፤ እዚሁ ወንበር ላይ። ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረግሁት። ቆሎው ወጥቶለትም ይከብዳል። ኮቴ ኪስ ውስጥ ጉልበቴን የምቀባባት ትንሽ ብልቃጥ አለች። አወጣኋት። አይዟችሁ፣ ቅቤ አይደለም፤ ሰው እኮ ከስህተቱ ይማራል። የኑግ ዘይት ነው። ኑግ በብርድ አይረጋም።