ያልተወለደ ልጅ ያሸኑት አክስቴ

ሐኪም የሌለበት ቤተሰብ ሞልቷል፤ ሐኪም የሚያርም አክስት የሌለበት ቤተሰብ ግን እስካሁን አላየሁም። የኛዋ ክብርት አክስቴ ናቸው። አምስት ልጅ ወልደዋል፤ ከዚያ በላይ ምን ትምህርት አለ?

ማርገዜን ከኔ ቀድመው አወቁ፣ እንደሳቸው አባባል። ሆዴ ሾጠጥ ሲል «ወንድ ነው»፣ ሰፋ ሲል ደግሞ «ወንድ ነው፣ ጋደም ብሎ ነው» አሉ። የክርክር መዝጊያቸው «እኔን ጠይቂኝ!» ነው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ ፋታ መቼ ሰጥተው!

በስድስተኛው ወር ለአልትራሳውንድ ስሄድ አብረውኝ ገቡ። ባለሙያዋ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ ቀብታ ገና መሣሪያውን ስታሳርፍ፣ ክብርት አክስቴ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ «ይኸው አፍንጫው! ቁርጥ የአባቱ!» አሉ።

«እማማ፣ ጉልበቱ ነው።»

«እሱም የአባቱ ነው።»

ከዚያ ባለሙያዋ አንዱን ቦታ ደጋግማ ለካች። «የግራ ኩላሊቱ ውስጥ ሽንት ተጠራቅሞ ሰፋ ብሏል» አለችኝ። «ፊኛውም ጢም ብሎ ሞልቷል። መውጫው ተዘግቶ እንዳይሆን ማየት አለብኝ። ከሸናና ፊኛው ከጎደለ ጥሩ ምልክት ነው። እስኪ ግማሽ ሰዓት ተራመጂና ተመለሺ።»

ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል እንባዬ መጣ። «ምን ይሆን አክስቴ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ።

እኔ እንጃ! እሳቸው! በእውነት የፈራሁት ይሄኔ ነው።

ወንበር ላይ አስቀመጡኝና፣ ያ ሁሉ ተራ ጠባቂ እያየ፣ ተንበርክከው አፋቸውን ሆዴ ላይ ለጠፉት። «ሽሽሽሽ... ሽሽሽሽ... በል የኔ ጌታ...»

«ኧረ አክስቴ፣ በሰው ፊት!»

«ዝም በይ! አምስቱንም ያሸናሁት እንዲህ ነው።»

ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ወደ ሽንት ቤት ሄዱ።

ስንመለስ ባለሙያዋ አየችና ፈገግ አለች። «ሸንቷል! ኩላሊቱ ግን አሁንም ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ በየአራት ሳምንቱ እናየዋለን፣ ሲወለድም ይታያል። ብዙ ጊዜ እየተስተካከለ ይሄዳል።» ክብርት አክስቴ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ፣ አንቺም ጥሩ ሠርተሻል» አሏት። በዚያው ቀን ለዘመድ ሁሉ ደወሉ። ስምንተኛው ዘመድ ጋ ሲደርስ ሽንቱ ጎርፍ ሆኗል።

በአራተኛው ሳምንት ባሌም ፈቃድ ወስዶ አብሮን መጣ። ተራችን ሲደርስ «ከሷ ጋር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» ተባልን። ባሌ ተነሳ። አክስቴ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘው «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ፤ እኔ እዚሁ እሆናለሁ» አሉ። ዓይናቸው ግን ከሆዴ ላይ አልተነሳም።

«አንተ ቁጭ በል» አልኩት ባሌን። «እኔ ያለሳቸው አልገባም።»