ከክሬሙ ጀርባ የተጻፈው

የሰው ልጅ በርበሬ ሲገዛ ያሸታል፤ ቅቤ ሲገዛ በጣቱ ይቀምሳል፤ ጨርቅ ሲገዛ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። ለገዛ ፊቱ ቅባት ሲገዛ ግን ዕቃው ላይ የተሳለችውን ቆንጆ ብቻ አይቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይለቀለቃል። “አያ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ” የተባለው ለበሬ ብቻ ይመስላችኋል? በሬስ ማንበብ ስለማይችል ነው።

ጣሊያን አገር የሰው ቤት ስጠብቅ ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣ ሁለት ሻንጣ መጽሐፍና አንድ ወፍራም መነጽር ይዤ አሰብ የገባሁት፣ የእኅቴ የወይንሸት ልጅ ሰናይት ልትዳር ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ ክው አልኩ። ፊቷ የአንድ ሰው፣ አንገቷ የሌላ ሰው! ጉንጯ እንደተላጠ ድንች ነጥቷል፤ የጣቶቿ አንጓ ጠቁሯል። ታመሽ ነው ወይ ብላት፣ “ኧረ አምሮብኝ ነው አክስቴ!” ብላ ሳቀችብኝ። እጮኛዋ በአዲስ አበባ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የሚያያት በወር አንዴ ነው። ለሠርጉ ሲመጣ ጨረቃ ሆና ልትጠብቀው ኖሯል።

እስቲ አምጪው አልኳት። በሳምቡክ ጀልባ ከባሕሩ ማዶ የመጣ ክሬም ነው። መነጽሬን አደረግሁና ጀርባውን ገለበጥኩት። ከምን እንደተሠራ የሚነግረው ዝርዝር ወግ አለው፤ ብዙው ቀድሞ፣ ጥቂቱ ኋላ ይጻፋል። መጀመሪያ ውሃ፤ ይሁን፣ ውሃ ማንን ገደለ? ቀጥሎ ግሊሰሪን፤ ቆዳ እርጥበቱን እንዳይለቅ የሚይዝ የዋህ ነገር ነው። ከዚያ ሽቶ፤ አንዳንዱን ሰው ከማሳከክ በቀር ክፋት የለውም። ግርጌው ላይ፣ ቁንጫ በምታህል ፊደል፣ ሜርኩሪ! ያ ባዜቃ የምንለው፣ ቴርሞሜትር ውስጥ የሚብለጨለጨው! ቆዳ አልፎ ኩላሊት የሚገባ፣ ነገ ለምትፀንሺው ልጅ የሚተርፍ መርዝ ነው ብዬ ጮህኩ።

ማን ይስማኝ? ወይንሸት፣ “እትዬ ደግሞ! ውጭ አገር ኖረሽ ሁሉ ነገር መርዝ ሆነብሽ። ግርጌ የተጻፈችው ለጥቂትነቷ አይደል? አሁን ብታቆም መልሳ ልትጠቁር ነው፤ የወንዱ ዘመዶች ምን ይሉናል?” አለችኝ። ሰናይትም ዕቃውን ነጥቃኝ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ጥቂት መርዝ! እባብስ የሚነድፈው በጋን ነው?

በዚህ መሐል አባትዬው ተክሌ ለምሳ መጣ። የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሺያን ነው። ጭቅጭቁ ምንድን ነው ሲል ነገርኩት። “እኛ ጋ ሜርኩሪ ያለበት መለኪያ ሲሰበር ክፍሉን ለቀን እንወጣለን! በጓንት ነው የሚለቀመው! ልጄ በጉንጯ ትለቅመዋለች?” ብሎ ክሬሙን ተቀበላትና፣ የሰፈሩ ፍየሎች እንዳያገኙት በሦስት ፌስታል ጠቀለለው። ልጅቱ አለቀሰች፤ ግን አልተከራከረችም። የእኔ የሠላሳ ዓመት ንባብ ያቃተውን አንድ የተሰበረ መለኪያ ቻለው። ይህቺንም ሽንፈት ከምሳዬ ጋር ዋጥኳት።

ሰናይት እንባዋን ጠርጋ፣ “እንግዲያው የአክስቴም ይነበባ!” አለች። ዕድሜ ልኬን የተቀባሁትን የጣሊያን ክሬም በኩራት አወጣሁ። የራሴን ዕቃ ጀርባ መች አይቼው አውቃለሁ? ፓራፊን፤ ያውም ከውሃው ቀድሞ! ቀጥሎ ፔትሮላተም! ተክሌ እስቲ ይድገሙት አለኝ። ደገምኩት። “እትዬ፣ ይሄማ የድፍድፍ ነዳጅ ልጅ ነው! እኔ ከሥራ ስወጣ በሳሙና ፈትጌ የማስለቅቀው ዘመድ!” ብሎ በሳቅ ወደቀ። ወይንሸትም አልማረችኝም፤ “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” አለች። በኋላ ግን ተክሌ አዘነልኝ መሰል፣ በደንብ ከተጣራ ጉዳት እንደሌለው፣ ቫዝሊንም ያው መሆኑን፣ ቆዳ እንዳይደርቅ እንደሚሸፍን ነግሮ አጽናናኝ።

ሠርጉ ደረሰ። ሰናይት ቫዝሊን ብቻ ተቀብታ፣ መልኳ ወደ ቤቱ ገና ግማሽ መንገድ እንደተመለሰ፣ ሙሽራ ሆና ወጣች። ሾፌሩ አያትና ጥፋቱን ሁሉ ለአሰብ ፀሐይ ሰጠው፤ ያን ያህል ስንጨነቅላት የነበረች ነገር በዚሁ አለቀች። የሙሽራው እናት ግን ሙሽራዋን ትታ እኔን ትክ ብላ ታየኝ ነበር። ወደ ጥግ ሳበችኝና፣ “እሜቴ፣ በዚህ ዕድሜ ይህን የመሰለ ፊት! እባክዎን ምንድን ነው የሚቀቡት?” አለችኝ።

ሐቀኛ ነኝና፣ ነዳጅ ነው አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ ገላመጠችኝና፣ “ምቀኛ!” ብላኝ ወደ ዳሱ ተመለሰች።