ቤት ቁጥር አንድን ለማስረከብ በቤት ቁጥር አንድ ውስጥ የተደረገ ስብሰባ

የ«መጠለያ ለሁሉ» የአነስተኛ ዋጋ ቤት ሥራ በጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ አመራር ቦርድ እሑድ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከረፋዱ 4፡10 ሰዓት ላይ ተሰበሰበ። ቦታው ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ቤት ቁጥር 1 ነው። ማኅበሩ በአራት ዓመት ዕድሜው የሠራው ቤት ይህ ብቻ ሲሆን፣ ቁጥር የተሰጠው ሁለተኛ ይኖራል በሚል ተስፋ ነው። ቢሮ ስለሌለን የምንሰበሰበው እዚሁ ነው።

ይህ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በጸሐፊው የግል የቀን ማስታወሻ ላይ ነው። የማኅበሩ መዝገብ የተቀመጠበት ሣጥን ሦስት ቁልፍ እንዲኖረው፣ ሦስቱም በሦስት ሰው እጅ እንዲሆኑ አምና ስለወሰንን መዝገቡን ማውጣት ቀላል አይደለም። ባለፈው ወር ተሳክቶልን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሣጥኑ አልተከፈተም።

የተገኙ፦
1. አቶ ይሻው፣ ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር
2. ቄስ ሚልኪያስ፣ ምክትል ሰብሳቢ
3. ወ/ሮ ሠርካለም፣ ገንዘብ ያዥ፤ ልብስ ሰፊ
4. አቶ ፈንታሁን፣ አባል፤ ከእብናት የመጡ እህል ነጋዴ
5. አዳነ፣ ጸሐፊ፤ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ። ለጸሐፊነት የተመረጠው በምርጫው ዕለት ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶ ስለተገኘ ነው።

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። አንዱ ለቅሶ ሄደዋል። ሌላው ከቦርዱ ለመልቀቅ ሁለት ጊዜ አመልክተዋል፤ ማመልከቻቸው በሚታይበት ቀን ሁሉ ምልዓተ ጉባኤ ስለሚጎድል ግን እስካሁን አባላችን ናቸው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አምስት። ሰብሳቢው ቁጥሩ ያለ ትርፍ መሙላቱን ገልጸው፣ ማንም ሰው ለሽንትም ቢሆን ከበሩ እንዳይወጣ አሳሰቡ።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ከሦስቱ ቁልፎች አንዱ በሰብሳቢው ኪስ፣ አንዱ በአቶ ፈንታሁን ቤት እብናት፣ አንዱ ለቅሶ ላይ መሆኑ ተረጋገጠ። ጸሐፊው በቃል እንዲያስረዳ ተጠይቆ፣ ባለፈው ወር ምን እንደወሰንን እንደማያስታውስ ተናገረ። ወ/ሮ ሠርካለም «የሚታወስ ነገር ወስነን ቢሆን አንዳችን እንኳ እናስታውሰው ነበር» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ያልታየው ቃለ ጉባኤ እንዳለ እንዲጸድቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ቤት ቁጥር 1ን ለተጠቃሚዋ ስለማስረከብ

ጸሐፊው ጉዳዩን አስረዳ። ተጠቃሚዋ እማማ አበበች ናቸው፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ፤ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ጓሮ፣ በአንዲት ክፍል ኪራይ ኖረዋል። ባለፈው ጥር ከመቶ አርባ አመልካች መካከል ዕጣው የወጣው ለእሳቸው ነው።

ሰብሳቢው ቤቱን መስጠት ጥሩ ሐሳብ መሆኑን ከገለጹ በኋላ «ነገር ግን ሰጠን እንበል፤ ነገ እንግዳ ቢመጣ ምን ልናሳይ ነው? ቤት የሌለው የቤት ማኅበር ልንባል ነው እኮ» ሲሉ ስጋታቸውን አስመዘገቡ። አቶ ፈንታሁን በዚህ ተስማምተው፣ እሳቸው ናሙና ሳያስቀሩ አንድ ኩንታል ምስር እንኳ ሸጠው እንደማያውቁ ተናገሩ። ስለዚህ ቤቱ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤትና ማሳያ ሆኖ እንዲቆይ፣ እማማ አበበችም ቤት ቁጥር 2ን እንዲጠብቁ ሐሳብ አቀረቡ። የቤት ቁጥር 2 መሠረት መቼ እንደሚቆፈር ቄስ ሚልኪያስ ጠየቁ። መሬቱ እንደተገኘ የሚል መልስ ተሰጠ።

ጸሐፊው ሐሳቡን ደገፈ። ምክንያቱም እሱም ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ለማሳያ አቁሟል። ቆርቆሮው ክረምት ሲመጣ ወዴት ልግባ እንደማይል ያስተዋለው ግን አሁን፣ ይህን ሲጽፍ ነው።

ወ/ሮ ሠርካለም ተቃወሙ። «አከራይዋ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥታባቸዋለች። እናንተ ናሙና ስትሉ እሳቸው የት ሊያድሩ ነው?» አሉ። ሰብሳቢው ተናጋሪዋ ከአጀንዳ እንዳይወጡ አሳሰቡ።

በ4፡45 ሰዓት አንድ የፈረስ ጋሪ ደጅ ቆመ። እማማ አበበች ከነዕቃቸው መጥተዋል። ሰብሳቢው ጉዳያቸው ገና በውይይት ላይ መሆኑን ነግረው፣ ውጭ ሆነው እንዲጠብቁ በትሕትና ጠየቁ። እማማ አበበች «ምኑ ነው የሚያወያያችሁ ጋሼ ይሻው? እናንተው ጻፋችሁልኝ እኮ» ብለው ከመቀነታቸው ደብዳቤ ፈትተው አወጡ። ደብዳቤው ሰኔ 15 ቀን ቤቱን እንደሚረከቡ ይናገራል፤ ማኅተም አለው። ሰብሳቢው ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊው የእጅ ጽሑፉን አይቶ የራሱ መሆኑን አመነ። የፈረመውስ ማን ነው ሲባል ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

ባለፈው ወር ምን እንደወሰንን በዚህ ሁኔታ ታወቀ።

ወ/ሮ ሠርካለም ያንን ውሳኔ ከግማሽ ሰዓት በፊት በሙሉ ድምፅ ማጽደቃችንን አስታወሱ። ሰብሳቢው ያጸደቅነው ሳናየው ስለሆነ አያስገድደንም አሉ። ቄስ ሚልኪያስ «ያሁኑን ግን እያየነው ነው» ብለው ወደ ጋሪው ጠቆሙ።

በዚህ መካከል ሰማዩ በጉና በኩል ጠቆረ። ባለ ጋሪው ሙላቴ አንገቱን በበሩ አስገብቶ «ጋሼ፣ ዝናቡ ደረሰ፤ ፍራሹ ሊበሰብስ ነው። ወይ አስገቡላቸው ወይ ልመልሳቸው» አለ። እማማ አበበችም «ወዴት ነው የምትመልሰኝ? ክፍሉ ሌላ ሴት ገብታበታለች፤ እኔ ነኝ የጠረግሁላት» ብለው ወደ ቦርዱ ተመለከቱ። ቦርዱ ወደ ጸሐፊው ተመለከተ። ጸሐፊው ወደ ደብተሩ ተመለከተ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ ዕቃው ዝናቡ እስኪያባራ እንዲገባ፤ የዕቃው ባለቤት ግን የመረከብ መልክ እንዳይኖረው ውጭ እንዲቆዩ። አቶ ፈንታሁን ይህ ለሁለቱም ወገን የሚያመች መካከለኛ መንገድ መሆኑን ተናገሩ። ቄስ ሚልኪያስ «ሰፌዱ ከዝናብ ይጠለል፣ አሮጊቷ ትበስብስ ብለን ነው የምንፈርመው?» ሲሉ ጠየቁ። ውሳኔው እማማ አበበችንም ዝናቡ እስኪያባራ እንዲጨምር ተሻሻለ። ሙላቴ የሰኔ ዝናብ እስከ መስከረም እንደማያባራ ድምፅ ሳይኖረው አስተያየት ሰጠ።

ዕቃው መግባት ጀመረ። ሸክም የያዘች አሮጊት ቆማ ሰው ተቀምጦ ማየት በአገራችን ነውር ስለሆነ፣ ገና መጀመሪያ እማማ አበበች እንቅባቸውን አቅፈው ብቅ ሲሉ ቦርዱ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ከዚያ በኋላ አልተቀመጠም። ቄስ ሚልኪያስ የእህሉን ከረጢት፣ ወ/ሮ ሠርካለም ድስቱንና ምድጃውን ያዙ። አቶ ፈንታሁን ፍራሹን ተሸክመው ሲገቡ፣ ሰዎች እንዳይሳሳቱ ይህ እርዳታ እንጂ ማስረከብ አለመሆኑ እንዲጻፍላቸው ከፍራሹ ሥር ሆነው ጠየቁ። ተጽፏል።

ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ይቆይ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ የቀረበው አልጋው በር ላይ ሳለ ነው። ሰብሳቢው በራስጌው፣ ጸሐፊው በግርጌው በኩል ይዘው ስለነበር እጅ ማውጣት አልቻሉም። ሁለቱም ድጋፋቸውን በአገጭ ሰጡ። አቶ ፈንታሁን በእጃቸው ደገፉ። ወ/ሮ ሠርካለም ተቃወሙ። ቄስ ሚልኪያስ «እኔ በዚህ የለሁበትም» ብለው አልጋውን ወደ ውስጥ ገፉ። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ቤቱ ጽሕፈት ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ እማማ አበበች አልጋው በየት በኩል እንዲሆን እንደሚፈልጉ ሰብሳቢው ጠየቁ። «ወደ መስኮቱ፣ ጋሼ፤ ብርሃን ልይበት» ተባለ። ወደ መስኮቱ ሆነ።

አጀንዳ 3፦ የምረቃ ሰሌዳ

አልጋው ቦታ ስለያዘ አግዳሚ ወንበሩ ወጣ። ቦርዱ በአልጋው ጠርዝና በእማማ አበበች የልብስ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ስብሰባውን ቀጠለ። ዝናቡ 5፡15 ሰዓት ላይ ጀመረ። ጣሪያው በአንድ ቦታ ያፈሳል፤ ቦታው በትክክል ከጸሐፊው ደብተር በላይ ነው። ቆርቆሮው ከማን ሱቅ እንደመጣ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቃል።

ሰሌዳው በታዘዘ ዕለት የተገኘነው የአምስታችን ስም የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ተሠርቶ መምጣቱን ሰብሳቢው አበሠሩ። ቤቱን ለመሥራት ሁለት ዓመት ሲፈጅ ሰሌዳው በአራት ቀን አልቋል። ችግሩ የሰሌዳው ርዝመት አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ከበሩ ጎን ያለው ግድግዳ ግን አንድ ሜትር መሆኑ ነው። አቶ ፈንታሁን በሩ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ እንዲዛወር ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ሠርካለም በሩን ከማዛወር አንድ ስም መቀነስ እንደሚቀል ተናገሩ። የማን ስም ይቀነስ የሚለው ለውይይት ቀረበ። ከረጅም ዝምታ በኋላ በሩ እንዲዛወር በአራት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው ድምፁን የሰጠው ስሙ ዳር፣ መጨረሻ ላይ መሆኑን ካየ በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ ሙላቴ ጋሪው ላይ አንድ ጀሪካን መቅረቱን ጮኾ ተናገረ። እማማ አበበች ሊነሡ ሲሉ ሰብሳቢው «ይቀመጡ እማማ፣ እኔ አለሁ» ብለው ሮጡ። ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ። ስብሰባው ቆመ።

ሰብሳቢው ጀሪካኑን አንጠልጥለው፣ ኮታቸው ውኃ እያንጠባጠበ ተመለሱ። እማማ አበበች መስኮቱ ሥር፣ አልጋቸው አጠገብ ቆመው ነጠላቸውን ያራግፋሉ። ምድጃው ጥግ ይዟል፣ እንቅቡ ተሰቅሏል። ሰብሳቢው ደፉን ሲረግጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አዲስ ቤት ለገባ ሰው የሚባለውን አሉ፦

«ቤት ለእንቦሳ!»

«እንቦሳ እሰሩ!» አሉ እማማ አበበች። «ይግቡ ጋሼ፣ በርዶዎታል። ይቀመጡ።»

ሰብሳቢው ጀሪካኑን እንዳንጠለጠሉ ቆሙ። ቀጥሎም የተናገሩት ከቃለ ጉባኤ እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ከልማድ ያመለጣቸው እንጂ የቦርዱ አቋም አለመሆኑን አስረዱ። ቄስ ሚልኪያስ ቃሉ መባሉን፣ መልሱም መመለሱን፣ ይህን ከተባባሉ በኋላ ባለቤትና እንግዳ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ድምፅ እንደማያስፈልግ ገለጹ። ሰብሳቢው ጸሐፊውን «አዳነ፣ ጽፈኸዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው መጻፉን ተናገረ። ሳይጽፍ ቢቀርም አምስት ሰው ሰምቷል፤ ሙላቴ ከተጨመረ ስድስት።

ሰብሳቢው ጀሪካኑን አስቀምጠው «እንግዲህ እንኳን ደስ ያለዎት» አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። እማማ አበበች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ጠላ መሆኑ ተገለጸ። እማማ አበበች ደብዳቤው በደረሳቸው ሳምንት ለምረቃው ብለው ጠምቀውታል። ጾም ስለሆነ ከቆሎ ጋር ቀረበ። ገበታ ስላልነበረ ሰሌዳው በልብስ ሣጥኑ ላይ ተጋድሞ ቆሎው እላዩ ላይ ፈሰሰ፤ አምስታችንም የየራሳችንን ስም እየዘገንን በላን። ቄስ ሚልኪያስ ቤቱንና ባለቤቷን ባረኩ። ወ/ሮ ሠርካለም የሰሌዳው ወርድ ለገበታነት ልክ መሆኑን አስተዋሉ። ሰሌዳው እዚያው ቀረ።

አቶ ፈንታሁን ቀጣዩ ስብሰባ የት እንደሚሆን ጠየቁ። ሁሉም ዙሪያውን ተመለከተ። ቦርዱ ከእንግዲህ የሚሰበሰብበት ቤት እንደሌለው ያን ጊዜ ታወቀን። ከአጭር ውይይት በኋላ፣ ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይቃወም፣ የቤት ቁጥር 2 መሬት ጥያቄ ነገ ጠዋት እንዲገባ ስምምነት ተደረሰ። ቦርዱ ቤት ማጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ የፈጀበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ቤቱ ጽሕፈት ቤት እንዲሆን የተወሰነው ተሽሯል። እማማ አበበች ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ እንዲቆዩ የተወሰነው ተሽሯል። በሩ እንዲዛወር የተወሰነው ተሽሯል። ሳናየው ያጸደቅነው ያለፈው ቃለ ጉባኤ፣ ምን እንደሚል አሁን ስላወቅን፣ ማጽደቁ ተሽሮ በሚቀጥለው ስብሰባ ታይቶ እንዲጸድቅ ተወሰነ። የመሬቱም ስምምነት እዚህ ስብሰባ ላይ የተደረሰ በመሆኑ አብሮ እንዳይሻር ሰብሳቢው ለማስተካከል እየሞከሩ ሳለ፣ እማማ አበበች መጥረጊያ ይዘው ተነሡ።

«አልጨረሳችሁም እንዴ? ልጠርግ ነበር፤ ቤቱን አጨቀያችሁት እኮ» አሉ።

ስብሰባው 6፡20 ሰዓት ላይ በባለቤቷ ጥያቄ ተበተነ። ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆም ብለው የቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡ። እማማ አበበች ወለሉን እየጠረጉ ስለነበር ቀና ሳይሉ «ምስማሩ ላይ ያንጠልጥሉልኝ። ስትወጡም በሩን ዝጉት፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይመታል» አሉ።

ቁልፉን ሰብሳቢው አንጠለጠሉ። በሩን የዘጋው ጸሐፊው ነው።