ጋሽ ደምሴ ከመኪናው ሲወርዱ

እኛ አሜሪካ ያለነው ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን አንድ የማንተዋት አመል አለችን አይደል? ገና ከኤርፖርት ወደ ቤት ስንነዳ ማስጠንቀቂያ እንጀምራለን። በር ቢንኳኳ እንዳትከፍት። የሰው ሕፃን አይተህ ጉንጩን እንዳትነካ። እንግዳው እኮ ገና ጃኬቱን አላወለቀም! እኔማ በዚህ የታወቅኩ ነኝ። እኔ የምኖርባቸው፣ ስካይላይን የሚባሉት ፎቆች ላይ ያሉ ሐበሾች እናት አባታቸው ሲመጡ፣ ና እስቲ ምከርልን ብለው ይጠሩኛል። ፈሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል የተዋጣልኝ።

አጎቴ ጋሽ ደምሴ የመጡ ጊዜም ያው ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከዘራ የማይለያቸው፣ ሰፈራቸው ውስጥ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ካልገቡበት የማይታረቅ ሰው። ሊፍት ውስጥ ለማያውቁት ሁሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይላሉ። ተዉ ጋሼ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም አልኳቸው። ሰው ሰላም ሲሉት ይቆጣል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አይቆጣም፣ ግን ምን ይታወቃል አልኩ። ቀጥሎ ለገባው ሰውም አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

አንድ እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ለምሳ እየሄድን ነው። እሳቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ከሃይዌዩ ወርደን ትንሽ እንደነዳን የፖሊስ መብራት ከኋላዬ ብልጭ ብልጭ አለ። ፑል ኦቨር አድርጌ ዳር ያዝኩ። እጆቼን መሪው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆም እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይወርዳል። ቁጭ ብሎ ከጠበቀማ ናቀኝ ይባላል። መኪናው ውስጥ ሽማግሌ ካሉ ደግሞ አብረው ይወርዱና፣ በሞቴ ለዛሬ ማረው ይላሉ። ስንቱ በዚህ ከቅጣት ተርፏል! እዚህ ግን ከመኪና መውረድ ሌላ ነገር ነው፤ ፖሊሱ ሊያጠቃኝ መጣ ብሎ ሊተኩስ ይችላል። ስለ በር፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ኪስ አውላቂ የለፈለፍኩት ሰውዬ ይቺን ሳልመክራቸው ቀረሁ!

የኋላው በር ሲከፈት ሰማሁ። ዞር ስል ጋሽ ደምሴ ወርደዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ወደ ፖሊሱ እየሄዱ ነው። ፖሊሱ ጮኸ። እጁን ወገቡ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ሰደደ። እሳቸው እንግሊዝኛ የት ያውቃሉ? በአክብሮት ጎንበስ አሉና እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱ። የቀበሌ መታወቂያቸውን ሊያሳዩት እኮ ነው!

ልውረድ? ብወርድ ይብሳል። በገዛ መኪናዬ ወስጄ ላስገድላቸው ነው አልኩ። ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምደውለው?

በመስኮቱ "ጋሼ፣ በእናቴ ሞት፣ ባሉበት ይቁሙ!" ብዬ ጮህኩ።

ቆሙ። ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ፣ አጎቴ ናቸው፣ ቋንቋ አይችሉም፣ እንግዳ ናቸው አልኩት። ሽበታቸውን አየ፣ ከዘራቸውን አየ፣ እጁን ከወገቡ አነሳ። ልጅ እግር ነው፤ የእሱም ፊት አመድ መስሏል። ጉዳዩ ለካ የኋላ መብራቴ ተቃጥሎ ኖሯል። አሠራው ብሎ ሸኘኝ።

አንድ ፓርኪንግ ሎት ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁና ቁጣዬን ለቀቅኩባቸው። ሊገድልዎት ነበር እኮ፣ እዚህ አገር ከፖሊስ ጋር ሽምግልና የለም፣ ምን ሆነው ነው የወረዱት እያልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁዋ" አሉ ቀስ ብለው። "አባትህን ስንቀብር እንኳ እንዲህ አልሆንክም። ምን አጥፍቶ ነው ብዬ ደነገጥኩ።"

ምንም አላጠፋሁም ጋሼ፣ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ አልኳቸው።

"ሁልጊዜ?"

አዎ አልኩ። ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"እኔስ እንግዳ ነኝ፣ በሚመጣው ወር ቤቴ እገባለሁ" አሉ። "አንተን ምን ብዬ መክሬህ ልሂድ?"