ማስትሬት ቀናውና የእማማ ዳሲቱ መርዶ

ሰፈር ሁሉ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ሰው አለው። ሰፈሩም ያንን ሰው መቼም ይቅር አይለውም። ሐኪም ሆኖ ከመጣ ኮራብን ይሉታል። መሐንዲስ ሆኖ ከመጣ መጀመሪያ የእናቱን ጣሪያ ለምን አይጠግንም ይሉታል። የእኛ የአቃቂው ግን ከሁሉም የባሰ ነው። እኛን ሊሰማን ተምሮ መጣ።

ክቡር ማስትሬት ቀናው ማስትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ከሮም የተመለሱ ቀን የአቃቂ ባቡር ጣቢያ በሰው ተጨናንቆ ነበር። እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በባቡር መጥተው ነው። እኔ የጣቢያው ትኬት ቆራጭ ስለነበርኩ ሁሉንም በመስኮቴ አይቻለሁ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተክሌ ሦስቴ ስመው ሲያበቁ ሰው ሁሉ ሊጠይቅ የፈለገውን ጠየቁ።

«እህሳ ልጄ፣ ምን ተምረህ መጣህ?»

«ሐዋርያዊ አገልግሎት።»

«ቄስ ሆንክ ማለት ነው?»

«የለም ጋሽ ተክሌ፣ ቄስ አይደለሁም። ሰው ሲታመም፣ ሲጨነቅ፣ ሲያዝን አጠገቡ መሆንን ነው የተማርኩት። ማዳመጥን።»

«ማዳመጥ? ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«አዎ።»

ጋሽ ተክሌ ወደ እኛ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጆሮው ታሞ ነበር እንዴ?» አሉ።

ሰፈራችን ከሞላ ጎደል ኦርቶዶክስ ነው። ካቶሊኮቹ እፍኝ የማይሞሉ ቤተሰቦች ናቸው። ክቡርነታቸው ግን የሚያዳምጡትን ሰው ሃይማኖት አይጠይቁም። ከተማ መሃል ቢሮ ከነጠረጴዛው ተዘጋጅቶላቸው ነበር አሉ። እሳቸው እምቢ ብለው በቁምስናቸው፣ በካቶሊኮቹ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ ተቀጠሩና፣ ከፋብሪካ በር ላይ ቆመው ከፈረቃ የሚወጣውን ሠራተኛ ሲጠብቁ ይውላሉ። ሐኪም ቤት የተኛ ካለ እሳቸው አልጋው አጠገብ ናቸው። ሽማግሌ የላኩባት ልጅ አባት፣ «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ይሰማል» አለ አንዱ።

«ከሰማ በኋላስ?»

«ይጠይቃል። ምን ተሰማዎት ብሎ።»

አባትየው ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ ብለው አዘገዩት። ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ ናት።

ይህች «ምን ተሰማዎት?» የምትባል ጥያቄ ያላናጋችው ቤት የለም። ጎረቤቴ ካሳሁን ከሚስቱ ጋር በአንዲት ዶሮ ተጣሉ። ደንበኛ ሽማግሌ ቢገባበት ኖሮ አንዱን ተቆጥቶ፣ ሌላዋን ለምኖ፣ ጉልበት አሳስሞ ሳይመሽ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ክቡር ማስትሬት ገብተው ሁለቱንም ምን እንደተሰማቸው ጠየቁ። ዶሮዋ ተረሳችና ጠቡ ወደ ሠርጋቸው ቀን ሄደ። ከሠርጉ ተነስቶ ወደ አማቶች ተሻገረ። ካሳሁን በማግስቱ ትኬት ሊቆርጥ መጥቶ፣ «ይህ ሰው ሮም ድረስ ሄዶ ጠብ ማርዘም ነው እንዴ የተማረው?» አለኝ። እርግጥ ነው፣ ባልና ሚስቱ ከዚያ ወዲህ ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም። ያንን ግን ለማስትሬት ውለታ አንቆጥረውም።

ለቅሶ ቤትማ አይወራ። ሴቶቹ ሁሉ ሐዘንተኛዋን «በቃሽ፣ አታልቅሺ፣ እንዲህ አይደረግም» ሲሉ እሳቸው ከጥግ ሆነው፣ «ተዋት፣ ታልቅስ» ይላሉ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ሰምተው አማትበዋል።

ከሁሉ የሚከፋው አለመዋሸታቸው ነው። ደረቅ ናቸው ማለቴ አይደለም። ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ዝም ነው የሚሉት። አዲስ ኮት ለብሼ «እንዴት ነኝ?» ብላቸው፣ እያዩኝ ዝም አሉ። ኮቱን ለወንድሜ ሰጠሁት።

እስካሁን ክቡር እያልኩ አንቱ ያልኩት ለፌዝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ቀልድ ስላልሆነ በስሙ ልጥራው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቆላ ካለ አንድ ጣቢያ ነበር የተደወለው። የእማማ ዳሲቱ ልጅ ለሜሳ፣ እዚያ በባቡር ሥራ ላይ የነበረው፣ በወባ ታሞ ሞቷል። ሙቀቱ ስለማያቆይ እዚያው ተቀብሯል። ለሜሳ አብሮ አደጌ ነው። ስልኩን ዘግቼ ቀጥታ ወደ ጋሽ ተክሌ ሮጥኩ።

ጋሽ ተክሌ አልተቀመጡም። እማማ ዳሲቱ ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ አንድ ለፍላፊ ገበያ መሃል አግኝቶ ነግሯቸው፣ እዚያው ወድቀው ለወራት አንደበታቸው ተይዞ ነበር። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይችሉም ብሏል። ስለዚህ እድሩ ወሰነ። እህታቸው ከዱከም በከሰዓቱ ባቡር ትመጣለች። ወይዘሮ ብዙወርቅ ጋ ተደብቃ ታድራለች። ማለዳ ሽማግሌዎችና እህትየዋ አብረው ገብተው በወጉ ያረዷቸዋል። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሰጋኝ» አሉ ጋሽ ተክሌ።

እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር። ቀናው ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት እማማ ዳሲቱ ዘንድ እየሄደ ይቀመጣል። «ልጄ ደህና ነው?» ብለው ቢጠይቁት አይዋሽም። ዝም ይላል። የእሱን ዝምታ ትርጉም ደግሞ የአቃቂ ሰው ሁሉ ያውቃል።

መንገድ ላይ ጠብቀን ያዝነው። ሲነገረው ኮፍያውን አወለቀ።

«ዛሬ አትሄድም» አሉት ጋሽ ተክሌ።

«ከቀረሁ ያውቃሉ። ቀርቼ አላውቅም።»

«ታመመ እንላለን።»

«ጋሽ ተክሌ፣ ሥርዓቱን አላፈርስም። አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ጋሽ ተክሌ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ስማ! ያ ዲግሪህ ሴትዮዋን ቢገድላት የሚቀብራት ይሄ እድር ነው። ሮም አይደለም!»

«አውቃለሁ» አለ ቀናው። ኮፍያውን አደረገና መንገዱን ቀጠለ።

ጋሽ ተክሌ እኔን ትከሻዬን ይዘው ገፋ አደረጉኝ። «ሂድ፣ ከጎኑ አትለይ። ነገር ከመጣ አንተ መልስ። አንተ ትዋሻለህ።» ምስጋና መሆኑን አላጣሁትም።

እማማ ዳሲቱ በራፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር እየለቀሙ ነበር። ገና ሳንቀመጥ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ የማላውቀውን ሁሉ አወራሁ። ቀናው እንደ ልማዱ በርጩማ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ዝም አለ። እማማ ዳሲቱ ለእኔ ራሳቸውን እየነቀነቁ የሚያዩት ግን እሱን ነበር።

«ቀናው» አሉ በመጨረሻ፣ «ዛሬ ሰዉ ምን ሆኗል?»

«ምን አዩ እማማ?»

«ብዙወርቅ ሳልለምናት ውሃ ቀዳችልኝ። ተክሌ በደጄ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሌላ ቀን ሳይነተርከኝ አያልፍም። ይሄ ደግሞ» አሉ እኔን በእጃቸው እያሳዩ፣ «ከመጣ ጀምሮ አፉ አልተከደነም።»

አፌ ተከደነ።

«ለሜሳ ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው እንጂ!» አልኩ ብድግ ብዬ። «ባለፈው ሳምንት እንኳ በስልክ...» ቀናው ክንዴን ያዝ አደረገኝ። በኃይል አይደለም፤ ሆኖም ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። አሁን ዝም ይላል፣ አሁን ይወድቃሉ እያልኩ ሰፌዱን አያለሁ።

ቀናው ግን ዝም አላለም። ወደ እሳቸው ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ይህን ጥያቄ አሁን እንድመልስልዎት ይፈልጋሉ? ወይስ እህትዎ እስክትደርስ አብሬዎት ልቀመጥ?»

«እህቴ እየመጣች ነው?»

«አዎ፣ እየመጣች ነው።»

ቀኑን ሙሉ ሰፈሩ የደበቀው ነገር በዚህች አንዲት ቃል ወጣ። ተናድጄ ልጮህበት ነበር። እማማ ዳሲቱ ምስሩን እያገላበጡ ቆዩ። ቀናው ሰፌዱን ቀስ ብሎ ከጉልበታቸው አነሳና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። አልወደቁም። ከከንፈራቸው ድምፅ ሳይወጣ እንባቸው ብቻ በጉንጫቸው ወረደ። አይዞዎት አላላቸውም። በቃዎት አላላቸውም። ምንም አላላቸውም። ፀሐይ ከደጃፉ እስክትሄድ አብሮ ተቀመጠ፣ እኔም ተቀመጥኩ።

ልንነሳ ስንል ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። «ለተክሌ ምንም እንዳትል። ነገ በወጉ መጥተው ያርዱኝ። ሰዉ ለእኔ ብሎ ተጨንቆ ውሏል፤ ልፋታቸው ከንቱ አይሁን።»

ማለዳ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጋሽ ተክሌ ከፊት፣ እህትየዋ ከኋላ። እማማ ዳሲቱ ለብሰው፣ አልጋቸውን አንጥፈው ቁጭ ብለው ነበር። ሲነገራቸው የጮኹት ጩኸት የአስመሳይ አልነበረም። እህታቸው ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፣ እስኪወጣላቸው አለቀሱ። አንደበታቸው አልተያዘም።

ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ጋሽ ተክሌ በሰው መሃል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያችሁ? መርዶ እንዲህ ነው። ያ ማስትሬት ቢቀድመን ኖሮ ዛሬ የምናለቅሰው ለሁለት ነበር።» ቀናው ከእሳቸው ራቅ ብሎ የድንኳኑን ገመድ እያጠበቀ ነበር። ቀና ብሎ አላየም። እኔ እውነቱን አውጥቼ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የእማማን አደራ አስታውሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ዝም ማለት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

የጠዋቱ ባቡር ሊደርስ ስለሆነ ወደ ጣቢያ ሄድኩ። ቀናው ተከተለኝ። ለምን እንደመጣ አላወቅሁም። ትኬት የምቆርጥባት ክፍል ውስጥ ገብቶ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«ለሜሳን ከሰላምታ በቀር ደህና አድርጌ አላውቀውም» አለ። «እኔ ሮም ሳለሁ ነው ወደ ቆላ የወረደው። ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ያ ስልክ ከመጣ ጀምሮ አንድም ሰው ስለ ለሜሳ አልጠየቀኝም ነበር። ሮጥ በል፣ ዝም በል፣ ዋሽ፣ ድንኳን ትከል ብቻ ነበር። «ፎካሪ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። «ሐዲድ ዳር አብረን ነው ያደግነው። ባቡር ሲያልፍ ከኔ በፊት...» ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባቡሩ ደረሰ፣ ሰዉ መስኮቱን ይደበድባል፣ የጣቢያው አለቃ በስሜ ይጣራል። ቀናው ተነስቶ መስኮቱን ዘጋና ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

በዚያ ባቡር ሳይሄድ የቀረ መንገደኛ ሁሉ ሲሰድበኝ ሰነበተ፤ ልክ ናቸው። ቀናው ዛሬም ያው ነው፤ አሁንም ጠብ ያረዝማል፤ አሁንም አዲስ ኮቴን አይቶ ዝም ይላል። እኔም በሄድኩበት ሁሉ አማዋለሁ። ሌላ ሰው ግን በመስኮቴ ስር ቆሞ አንዲት ክፉ ቃል ቢናገርበት፣ በእግሩ ዱከም ይደርሳታል እንጂ ትኬት አልቆርጥለትም።