ናና የበቀለበት መረሬ

ሰው ዕቃ ሲገዛ ለራሱ የሚገዛ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። እኔ በአስራ ስድስት ዓመቴ የደረስኩበት አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር፣ ሰው ዕቃ የሚገዛው ለጎረቤት መሆኑን ነው። ጫማውን ለጎረቤት፣ መጋረጃውን ለጎረቤት፣ ስልኩን ደግሞ ጭራሽ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው። እናቴ ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ የምታጸዳው ቢሮ አለ፤ እዚያ አንድ ሰውዬ ጠረጴዛቸው ላይ ይህን የሚያክል ማተሚያ ማሽን አስቀምጠዋል። ቀለም ኖሮት አያውቅም። እናቴ አቧራውን መጥረግ ሰልችቷት "ለምን አይነሳም?" ብትላቸው፣ "ሰው ሲገባ ያየዋል" አሏት።

እሺ፣ መጋረጃና ማተሚያስ ይሁን። ማረሻም እንደዚያ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጭቃ ውስጥ የሚውል ብረት! እሱንም ሰው ለመንገደኛ ዓይን ብሎ ይመርጠዋል። ወላሂ። አባቴና ሐጅ ሲራጅ ሲከራከሩ ባልሰማ እኔም አላምንም ነበር።

አባቴ ትራክተር ነጂ ነው። የምንኖረው ሐጅ ዩሱፍ ነው። እንዳይምታታባችሁ፤ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው፣ ሐጅ ሲራጅ ግን ሰው ናቸው፣ የአባቴ አሠሪ። ቤታቸው ሪያድ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ነው፣ መሬታቸው ግን ከእኛ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በፓምፕ ውሃ የሚሳብለት ሰፊ የማሽላ እርሻ ነው። ሐጅ መሬታቸውን ይወዱታል። የሚወዱት ግን ከመኪና መስኮት ነው። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ይመጣሉ፣ መስታወቱን ዝቅ ያደርጋሉ፣ "ማሻአላህ" ይላሉ፣ መስታወቱን ከፍ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። አይፈረድባቸውም። መሬቱ መረሬ ነው። ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲርስ ደግሞ ጫማችሁን ይቀበላችሁና አይመልስም። የእኔ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እስከ ዛሬ እዚያ ነው።

ይሄ መሬት ለዓመታት በዲስክ ነው የታረሰው። ዲስክ እንደ ትልልቅ ሳህን ያሉ ክብ ብረቶች የተደረደሩበት ማረሻ ነው፤ አፈሩን ገልብጦ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ አድርጎ ይተወዋል። ከመንገድ ለሚያየው ሰው ልክ አዲስ የተጋገረ ኬክ ነው። አባቴ ግን "የሚያምረው ላዩ ነው" ይላል። ዲስኩ ሁልጊዜ እዚያው ጥልቀት ላይ ስለሚያቆም፣ ከዚያ በታች ያለው አፈር እየተጠቀጠቀ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ውሃም አይወርድበት፣ ሥርም አይወርድበት። እውነትም አምና ማሽላው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ያኔ ሐጅ ሲራጅ ረጋ ብለው፣ "ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ መሬቱን ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ። እሱ የራሱ ነጂ አለው" አሉ። አልተቆጡም፣ አልጮሁም። አባቴ ያን ማታ እራት አልበላም።

አባቴ የፈለገው ባለ ጥርሱን ማረሻ ነው። እሱ አይገለብጥም፤ ወፍራም ጥርሶቹን ወደ ታች ሰዶ ያን የደደረውን ይሰነጥቀዋል። ያለፈው ዓመት አገዳ ላዩ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ አፈሩን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ትራክተሩም አንዴ ካለፈ አለፈ ነው፣ አይመላለስም። ችግሩ መልኩ! ባለ ጥርሱ ያለፈበት እርሻ፣ ፀጉሩን እየተቆረጠ መሀል ላይ መብራት የጠፋበት ሰው ይመስላል።

"ያ ኡስታ" አሉት ሐጅ፣ አንተ ባለሙያ ማለታቸው ነው፣ "ሰው በመንገድ ሲያልፍ፣ ሲራጅ ነጂ አጣ እንዴ አይልም?"

"ሐጅ፣ ማሽላው የሚበቅለው መንገዱ ላይ አይደለም።"

"አንተ ደግሞ! ምላስህ ከትራክተርህ ይፈጥናል።"

እንዲህ ሲባባሉ ሰነበቱና በመጨረሻ አፈሩ ራሱ ይፍረድ ተባባሉ። አባቴ የሚሠራት ሙከራ አለች። ክንድ የሚያህል ይቆፍርና ከሥር ያለውን አፈር ያወጣል፤ ከዚያ መዳፉ ላይ ያድበለብለዋል። እንደ ትል ረዝሞ ከተሳበ ርጥብ ነው ማለት ነው፤ ባለ ጥርሱ ቢገባበት እንደ ቢላ ቆርጦት ያልፋል እንጂ አያፈራርሰውም፣ ስለዚህ ዲስኩ ይገዛል። ከተፈረፈረ ግን ባለ ጥርሱ አሸነፈ። አሮጌው ዲስክ ስላረጀ አዲስ ማረሻ መገዛቱ አይቀርም፤ ሻጩ ጋ ሁለቱም አሉ፣ የሚገዛው ግን አንድ ብቻ ነው። ሐጅ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቤታችን መጥተው ሊያዩ ቃል ገቡ። ቤታችን! እርሻው ድረስ ማን ይሄዳል፣ ጀለቢያው ነጭ ነው።

ያን ሳምንት አባቴ በየቀኑ አፈር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዞ ይገባ ነበር። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያድበለብላል፣ አፈሩ ይፈረፈራል፣ ፈገግ ይላል። እናቴ "የሰው ባል ዳቦ ይዞ ይገባል" ትላለች። እሱ ማድበልበሉን ይቀጥላል።

አሁን ወደ እኔ እንምጣ። እኔ ጥፋተኛ ልጅ አይደለሁም። መሳቅ ብቻ ነው የምወደው። የእናቴን ስልክ ቋንቋ ወደ ቻይንኛ ቀይሬ ሁለት ቀን በግምት አስደውያታለሁ። የሰው ጫማ ከየደጁ ሰብስቤ ግራ ግራውን ብቻ አሰልፌ አውቃለሁ። እና ያ ቆርቆሮ ጁምዓ ጠዋት ብቻውን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሳየው... እናንተስ ብትሆኑ? ከዚሩ፣ ከውሃ እንስራችን፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና ጠብ ጠብ አደረግሁበት፤ በማንኪያ ለወስኩት፤ ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። አባዬ እንደ ልማዱ ይሞክረዋል፣ ትል ሲሆንበት ይደነግጣል፣ እኔ እስቃለሁ፣ ሐጅ ሳይመጡ ሌላ ያመጣል።

አባዬ ግን ያን ቀን አልሞከረውም። ቆርቆሮውን እግሩ ሥር አድርጎ ሻዩን ይጠጣል። እኔ በዚያ አልፋለሁ፣ በዚህ እመለሳለሁ።

"አባዬ፣ አፈሩን አታየውም?"

"ሐጅ ሲመጡ አብረን እናየዋለን።"

"አንዴ ብቻ..."

"ምነው ዛሬ ለመሬት አሰብሽ?"

ልናገር አፌን ስከፍት የመኪና ክላክስ ተሰማ።

ሐጅ ገቡ፣ ሰላምታው ረዘመ፣ ወንበር ተሰጣቸው። አባቴ ቆርቆሮውን ከፈተ። አንድ ጭብጥ አወጣና አድበለበለ። ተሳበ። አይ አሳሳብ! ጣት አከለ፣ እርሳስ አከለ። አባቴ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ቀለበት ሠራ። እናንተ፣ ቀለበት! እንኳን ትል። የሐጅ ፊት በራ።

"ኸላስ! አለቀ! ዲስክ!" አሉና ለሻጩ ሊደውሉ ስልካቸውን አወጡ።

እኔ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸሁ። አባቴ ግን ተረጋግቶ፣ "ከመደወልዎ በፊት ራስዎም ይያዙት እንጂ ሐጅ" አለ። ሐጅ በሁለት ጣታቸው ተቀበሉት። አገላበጡት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ከጭቃው መሀል አንድ እርጥብ አረንጓዴ ቅጠል በጥፍራቸው መዘው አወጡ።

"ያ ኡስታ፣ መሬቴ ናና ያበቅላል እንዴ?"

እኛ ቤት እንግዳ ነገር ሲከሰት ምርመራ የለም። እናቴም አባቴም ዞረው እኔን አዩ።

"ውሃ ነው" አልኩ፣ "ትንሽ ውሃ ነው ያደረግሁበት፣ ለቀልድ ነው፣ ልናገር ስል እርስዎ መጡ..."

"ያ ቢት! አንቺ ልጅ! ውሃ ከነናናው?" ሐጅ ጥምጥማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። "በቃ፣ ከዚህ በኋላ ቆርቆሮ አላምንም። ሌላ ብታመጡም አላምንም። ያላ፣ መሬቱ ጋ እንሂድ። እሷ ትቆፍራለች።"

ቆፈርኩ። ምን ይደረጋል። የመጀመሪያው ስንዝር እሺ ብሎኝ ነበር፣ ከዚያ አካፋው "ኳ!" አለ።

"ድንጋይ ነው" አሉ ሐጅ ከመኪናው ጥላ ሆነው።

"ድንጋይ አይደለም ሐጅ" አለ አባቴ። "ዲስካችን ነው። የስንት ዓመት ሥራችን ነው።"

"አምጪ!" አሉና አካፋውን ከእጄ ነጠቁኝ። የጀለቢያቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ሸጎጡ። ኳ! ራመድ ብለው ሌላ ቦታ፣ ኳ! ሦስተኛው ላይ ላባቸው በአፍንጫቸው እየተንጠባጠበ ሰበሩትና የአምና ማሽላ ሥር ተነቅሎ ወጣ። ሥሩ ስንዝር ያህል ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ ያ ሲሚንቶ ጋ ሲደርስ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ጎን ሄዷል። ሐጅ ሥሩን አገላብጠው የታጠፈበትን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ከጉድጓዱ ሥር አፈር ዘገኑና በራሳቸው መዳፍ አድበለበሉ። ተፈረፈረ። ነጩ ጀለቢያ ላይ ተበተነ። አላራገፉትም።

"ባለ ጥርሱን" አሉ ቀስ ብለው።

ተገዛ። እርሻው እውነትም አስቀያሚ ሆነ። መንገደኛ ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ ሐጅ መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው "መሬቴ ጢሙን እያሳደገ ነው" ይሉ ነበር። ውሃ ሲለቀቅ የጎረቤቶቻችን እርሻ እንደ መስታወት ውሃ አቁሮ ዋለ፤ የእኛ ግን ጠጣው። ማሽላው ከእኔ ቁመት በለጠ። የወንድማቸው ልጅ ነገር ድጋሚ አልተነሳም። አባቴም ትራክተሩ ላይ ነው፣ ምላሱም እንደፈጠነ ነው።

እኔ ለጥፋቴ አንድ ወር ሙሉ የቤቱን ዕቃ እንዳጥብ ተፈረደብኝ። የፈረደብኝ አባቴ ነው፣ በጣም ኮስተር ብሎ።

እና አንድ ቀን፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ የሻይ ብርጭቆ እያጠብኩ እጄ ድንገት ቆመ። እኔ እኮ ውሃ ነው ያደረግሁት። ከዚሩ የተቀዳ፣ ንጹሕ ውሃ። አሁን የያዝኩት ብርጭቆ ሥር ላይ ግን የናና ቅጠል ተለጥፏል። እናቴን የናና ሽታ ራሷን ያሳምማታል። እኔ ሻይ በወተት ነው የምጠጣው። እኛ ቤት ሻይ በናና የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁ። "አባዬ፣ ያን ቀን እኔ ከነካሁት በኋላ ቆርቆሮውን ከፍተኸው ነበር?"

አየኝ። ብርጭቆውንም አየ።

"ሐጅ መሬታቸውን በመኪና መስኮት ስንት ዓመት አዩት?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። ብዙ።"

"በቆርቆሮ ቢያዩት የሚያምኑ ይመስልሻል?"

ለካ ውሃዬን ደርሶበት፣ ሐጅ ነቅተው መሬቱ ጋ እንዲሄዱ ናናውን የከተተው እሱ ነው። ቀልድ ከማን እንደወረስኩ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ አሁን አይገርመኝም። አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጥፋቱን የሠራነው ሁለት ሆነን ነው፤ ዕቃውን ያጠብኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።