ፈውዚያ እጇን ስታነሳ

ስልጠና በተባለ ነገር ሁሉ፣ አሰልጣኙ «በሉ እንግዲህ፣ ወደ ምሳ» ሊል አፉን ሲከፍት እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። አዳራሹን ቆልፈውበት ቢሄዱ በመስኮት ይገባል። ደብረ ማርቆስ ላይ ለእኛ የደረሰችን ክብርት ፈውዚያ ናት።

ፈውዚያ በአቅራቢያችን ያለችው የአምበር ከተማ ነጋዴዎች ልጅ፣ እንደኔው የላቦራቶሪ መምህርት ናት። ድምጿ ለስላሳ ነው። «አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ» ስትል ግን የኋላ ወንበር ያቃስታል። ትንሿ ጥያቄ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ይወልዳሉ።

የተሰበሰብነው ሜታቦሎሚክስ ልንማር ነበር። ሰውነት የበላውን ሲያብላላ በደም ውስጥ የሚተዋቸውን ጥቃቅን ኬሚካሎች ለይቶ፣ ታማሚው ከጤነኛው በምን እንደሚለይ የሚያነብ ሙያ ነው። አሰልጣኛችን ዶክተር ገዳሙ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። መጀመሪያ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይሏት ነበር። ቀጥሎ «እመለስበታለሁ» ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ ፈውዚያ ወዳለችበት አቅጣጫ ማየት ተዉ። እሷም ወንበሯን አንስታ ወደሚያዩበት ዞረች።

አንድ ቀን ሻይ ላይ፣ «እባክሽ፣ ለግማሽ ቀን እንኳ ዝም ብትይ ምን ይደርስብሻል?» አልኳት።

አሰብ አደረገች። «እኔ ላይ ነው ወይስ ስልጠናው ላይ?»

ስልጠናው ሲያልቅ እያንዳንዱ ቡድን ሥራውን አቀረበ። የእኛ ቡድን ያነጻጸረው የስኳር ሕሙማንንና የጤነኞችን ደም ነው። ውጤቱ ካማረ፣ በሽታውን ቀድሞ ለመጠቆም የሚረዳ ትልቅ ጥናት እንጀምራለን። አቅራቢው እኔ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ቀዮቹ ነጠብጣቦች በአንድ ወገን፣ ሰማያዊዎቹ በሌላ ወገን ሰፍረዋል፤ መሀላቸው ባጃጅ ያዞራል። አዳራሹ አጨበጨበ። ዶክተር ገዳሙ ሰዓታቸውን አዩ። ያን ጊዜ ከሌላው ቡድን አንድ እጅ ወጣ።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ። ደሙ የተቀዳው መቼ ነው?»

«በሁዳዴ።»

«ጤነኞቹ ይጾሙ ነበር?»

«አብዛኞቹ፣ አዎ።»

«ሕሙማኑስ?»

«እነሱ አይጾሙም» አልኩ። ሕሙማኑን ሐኪሞቻቸው እንዳይጾሙ መክረዋቸው፣ እንቁላሉንም ወተቱንም ይወስዱ ነበር።

«እንግዲያው መሣሪያው የለየው በሽታውን ነው ወይስ ጾሙን?» አለች።

ስለ ምሳ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ለቀናት አኮረፍኳት። ባጃጅ ውስጥ አግኝታኝ ሰላም ስትለኝ ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ። ዶክተር ገዳሙ ግን ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ይህን ጥያቄ ሥራው ከታተመ በኋላ ብትሰማው ይሻልህ ነበር?»

«አይ፣ ዶክተር።»

«ከፋሲካ በኋላ፣ ሁሉም ሲፈስክ፣ እንደገና ቅዱ። እሷንም ይዘህ ሂድ።»

ይዣት ሄድኩ፤ ደግነቱ እሷ ቂም አታውቅም። ከምንቀዳቸው ሰዎች አንዱንም ሳትጠይቅ አላለፈችም። «አባባ፣ ትናንት ምን በሉ?» ያለቻቸው ሽማግሌ፣ «ምነው ልጄ፣ ልትጋብዢኝ ነው?» አሏት። ሳቀችና ቀጠለች፤ «ከሰዓት ነው ወይስ ማታ?»

አዲሱ ውጤት እንደ ፊተኛው አላማረም። ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ ተጠጋግተው፣ አንዳንዶቹም ተቀላቅለው መጡ። ሆኖም ልዩነቱ አልጠፋም። ፈውዚያ ከግራም ከቀኝም ጠየቀችው፤ አልፈረሰም። ዶክተር ገዳሙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይቺ ትንሿ ልዩነት ናት እውነተኛዋ» አሉ። ትልቁ ጥናት በዚያች ልዩነት መነሻነት ተፈቀደ።

ደም የሰጡንን ሰዎች ለማመስገን አምበር ስንወርድ፣ አክስቷ እትዬ መዲና ከሱቃቸው ወጥተው በእጄ ያዙኝ። ክንዳቸውን ቀድመው የሰጡን እሳቸው ነበሩ። ፈውዚያ ራቅ ብላ አንዱን ገበሬ በጥያቄ አቁማዋለች።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷም እንዲህ ናት። እናንተንም ሳታስቸግር አትቀርም። ቁጭ አድርጌ ልምከራት?»

«እትዬ መዲና» አልኳቸው፣ «በአላህ እለምንዎታለሁ፣ እንዳይመክሯት።»